የሄሮድስ ግብዣና የእኔ 60ኛ ዓመት

በኦሪትና በወንጌል የልደታቸው ቀን በግብዣ እንደ ተከበረ የተጻፈላቸው ነገሥታት ፈርዖንና ሄሮድስ መሆናቸውን፣ በፊተኛው ግብዣ የእንጀራ አበዛዎቹ አለቃ እንደ ተሰቀለ፣ በኋለኛውም የመጥምቁ ዮሐንስ ራስ በወጭት እንደ ቀረበ፣ ይህን ዓምድ የሚከታተሉ ወዳጆቼ ከእኔ ደጋግመው ሰምተውታልና ዛሬም ብመልሰው አይፈርዱብኝም። በዚህ ሳምንት 60 ዓመት ሲሞላኝ ልጆቼ አዳራሽ ለመከራየት፣ ቪዲዮ የሚያነሣ ሰው ለመጥራትና ስሜ የተጻፈበት ኬክ ለማሠራት ተማክረው በመጡ ጊዜ ያቀረብኩላቸው ክርክር ይኸው ነበር።

ታናሺቱ ልጄ ግን «አባዬ፣ ታዲያ ግንቦት 1 ቀን ለልደታ ከጎረቤት ጋር ንፍሮ የምትቆረጥመው ለምንድን ነው?» ብላ አፌን ስላስያዘችኝ፣ ነገሩን ከሃይማኖት አውርጄ ወደ ገዛ ምርጫዬ አመጣሁትና፣ በዓሉ ይከበር፣ የሚከበርበት ስፍራ ግን የቤቴ ሳሎን፣ የክብር እንግዶቹም አንድ መጽሐፍና አንድ ፊልም ይሁኑ ብዬ ወሰንኩ። ይህን የሰማ አንድ ዘመዴ በስልክ «ድብርት ይዞሃል» አለኝ፤ እርሱ መጽሐፍ የሚገዛው የሽፋኑ ቀለም ከመጋረጃው ጋር ሲስማማለት ስለ ሆነ መልስ አልሰጠሁትም።

መጽሐፉን ለመምረጥ አልተቸገርኩም። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው እኔ በተወለድኩበት በ1958 ዓ.ም. ነውና እኩያሞች ነን፤ ልዩነታችን እኔን በዚህ ዕድሜ ጡረታ ሲያሰናብተኝ እርሱን የሚያሰናብተው አለመገኘቱ ነው። ጮክ ብዬ ማንበብ ስጀምር ግን የሚሰማኝ ድምፅ የእኔ ሳይሆን የወጋየሁ ንጋቱ ሆነብኝ። መጽሐፉን በሬዲዮ ሲተርክልን ያደመጥን ሁሉ በታሪኩ ያሉትን ፊታውራሪ መሸሻን ከዚያ ጉሮሮ ነጥለን ለማሰብ አቅም የለንም፤ ይህንንም እንደ ጉድለት የሚቆጥር ሐያሲ በእኔ ቤት ቡና አይቀርብለትም። በዛብህን ወላጆቹ በብፅዓት ለእግዚአብሔር አገልግሎት እንደ ሰጡት፣ እርሱም አድጎ ሰብለ ወንጌልን በወደደ ጊዜ ያ ሳይጠየቅ የተገባበት ስእለት እንደ ዕዳ እንደ ተከተለው ሳነብ፣ ልጆቼ ሳያማክሩኝ ያቀዱትን አዳራሽ በመጠኑ ይቅር አልኳቸው።

ፊልሙ ኃይሌ ገሪማ አብዮቱ በፈነዳበት ዘመን የቀረጸው፣ በ1968 ዓ.ም. ለእይታ የበቃው «ምርት 3000 ዓመት» ነበር፤ ጥቁርና ነጭ ነው፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል፣ ገበሬው በባለ ርስቱ መሬት ላይ ሲደክም ካሜራውም ሳይቸኩል አብሮት ይደክማል። የንስሐ አባቴ እንኳን አደረሰህ ሊሉኝ መጥተው ስለ ነበር፣ አያቶቻችን የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት «የሰይጣን ቤት» ብለው መጥራታቸውን አስቤ ይከፉብኛል ብዬ ብሰጋም፣ እርሳቸው ጋቢያቸውን ደርበው እስከ ፍጻሜው ተቀመጡ። እብድ የሚባለው፣ መሬቱን የተነጠቀው ከበበ ባለ ርስቱን በዱላ ቀጥቅጦ በገደለው ጊዜም ወደ እኔ ዘወር ብለው «ይኸው ልጄ፣ በአንተም ልደት ነፍስ ጠፋ» አሉኝ። የፈርዖንንና የሄሮድስን ነገር ድሮ ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸውና ዝም አልኩ።

ዝምታዬ ግን አልቆየም፤ ኬኩ (አንድ ኬክስ በግድ ገብቷል) ሲቆረስ ታላቁ ልጄ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ሥርዓቱን በቃሉ የሚተቸውን፣ ሰው እንደ እብድ የሚያየውን የጉዱ ካሣን ስም አነሣ፤ ይህ ስም ሲነሣ ጠባዬ እንደሚለወጥ ደግሞ አንባብያኔ ታውቃላችሁ። ልጄ ካሣ በቃሉ ብቻ ከከበበ ዱላ የበለጠ ሠርቷል አለ፤ የንስሐ አባቴም ደገፉት። እኔ የማላምነው በዚህ ነው። ካሣ ዳምጤን በየስብሰባው የምንጠቅሰው፣ በየሐዘን ቤቱ «እርሱ ያኔ ተናግሮት ነበር» የምንለው፣ ጥቅሱ ከእኛ ምንም ስለማይጠይቀን ነው፤ ተናግሮልናልና እኛ ከመናገር ነፃ ወጥተናል። የከበበን ስም በአደባባይ የሚጠራ ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም፤ እርሱን የሚጠራ ሰው ዱላውንም አብሮ ማንሣትና «ትክክል ነው ወይስ አይደለም?» ለሚለው ጥያቄ መልስ መስጠት አለበትና። እኔም መልሱ የለኝም፤ መግደሉን አልባርክም፣ ነገር ግን ያን ዱላ ካየሁ በኋላ የካሣን ንግግር እንደ ቀድሞው ተመችቶኝ ላዳምጠው አልቻልኩም። ደራሲውም ፊልም ሠሪውም በ10 ዓመት ልዩነት እውነቱን ያሸከሙት አእምሮው ተነካ ለተባለ ሰው መሆኑ ደግሞ በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም፤ ባለ ማዕርጉ ሊናገረው በማይደፍርበት አገር እውነትን ያለ ቅጣት የሚናገር ሌላ ሰው ከየት ይመጣል?

ክርክሩ እስከ እኩለ ሌሊት ዘለቀ፤ አልተስማማንም። ስለ ጉዱ ካሣ በጻፍኩ ቁጥር የስድብ ደብዳቤ የምትልኩልኝ ወዳጆቼ በዚህ ጊዜም እንደማትቀሩ አውቃለሁ፤ ፊልሙን ሳታዩ ግን አትጻፉልኝ።