ዲስኩ አልሞላም፣ ቀረጻው ግን ቆመ

በእህቴ ሠርግ ቪዲዮው በቀጥታ ወደ ላፕቶፕ ነበር የሚቀረጸው። የተሰካው ሃርድ ዲስክ 500 ጊጋባይት፣ ያውም ባዶ። አያቴ ምርቃታቸውን ገና አጋማሽ ሳያደርሱ ቀረጻው ቀጥ አለ። «ዲስኩ ሞልቶ ነው» ተባለና ትልቅ ለመግዛት መዋጮ ተጀመረ።

ኢኮኖሚክስ ስማር አንድ ነገር ገብቶኛል፤ ብር ከማውጣት በፊት ማነቆው የቱ ጋ እንደሆነ ማወቅ። እዚህ ማነቆው ቦታ ሳይሆን ፎርማቱ ነበር። ዲስኩ ሪሲቨር ላይ እንዲሠራ ተብሎ በፋት32 ተዘጋጅቷል። እ.ኤ.አ. በ1996 የመጣው ይህ አሠራር የፋይልን መጠን የሚመዘግበው በ32 ቢት ስለሆነ አንድ ፋይል 4 ጊጋባይት ሲደርስ «በቃ» ይላል። በሰከንድ 24 ሜጋቢት ለሚቀርጽ ሰው ይህ 24 ደቂቃ ገደማ ነው።

መፍትሔው ደግሞ ሳንቲም አያስወጣም። ያለውን ፋይል ሌላ ቦታ ገልብጦ ዲስኩን በኤክስፋት ወይም በኤንቲኤፍኤስ ፎርማት ማድረግ ነው። ካልሆነ ሶፍትዌሩ ቀረጻውን በየ15 ደቂቃው እንዲከፋፍል ማዘዝ ይቻላል።

ስለዚህ ሻጮች፣ ስንት ጊጋ እንደሆነ ብቻ ሳይሆን ፎርማቱንም ንገሩን። ቀራጮችም ከሠርጉ በፊት ግማሽ ሰዓት ሞክሩት። አያቴ ምርቃቱን ደግመውልናል፤ ያ ቀን ግን አይደገምም።