የበጋ ግቢና የበርሜል ውኃ

ፀሐይ ወደ ምዕራብ ዘንበል ስትልና የቀኑ ሐሩር መብረድ ሲጀምር፣ በድሬዳዋ ከተማ የሚኖር ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ከቤቱ ወጥቶ በግቢው ውስጥ ይቀመጣል። አንዱ ደረቁን መሬት ውኃ ይረጨዋል፤ ሌላው ሰሌኑን ያነጥፋል፤ ሕፃናትም ቀኑን ሙሉ ከተሸሸጉበት ጥላ ወጥተው ይሯሯጣሉ። ውኃ የነካው አፈር የሚሰጠው መዓዛ፣ ከሎሚው ዛፍ ሥር የሚቀዳው ሻይ፣ በከዚራ ዛፎች መካከል አልፎ የሚደርሰን ነፋስ፣ እነዚህ ሁሉ በገንዘብ የማይገዙ የበጋ ስጦታዎች ናቸው።

ስለ ጤና የሚጽፍ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ሲያነሣ አንባቢ ሊገረም ይችላል። የእኛ ሙያ ሰዎች «ይህን አትብሉ፣ ያን አትንኩ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል የሌለን መስለን መታየት ከጀመርን ቈይተናልና፤ ጥፋቱም የራሳችን ነው። ዛሬ ግን ስለ ግቢ ደስታ መጻፍ ፈቀድን። በግቢው ተረጋግቶ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ዙሪያውን ማየቱ፣ ካየም በኋላ «ይህ ስለ ምን ሆነ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርምና፣ ከነዚህ ጥያቄዎች ሦስቱን እናቀርባለን።

የመጀመሪያውን የጠየቁን እንደ እናታችን የምናያቸው አንዲት ጎረቤታችን ናቸው። ባለፈው ሚያዝያ ቡና ጠርተውን ሳለን፣ «ልጄ፣ አንተ ባሕር ማዶ ተምረህ የመጣህ ነህና እስቲ ይህን ንገረኝ፤ በርሜሉና እንስራው በአንድ ጥላ ሥር ጎን ለጎን ቆመው ሳሉ፣ የበርሜሉ ውኃ ለብ ሲል የእንስራው ስለ ምን ይቀዘቅዛል?» አሉን።

እንስራ ከሸክላ የተሠራ ስለ ሆነ፣ በዓይን የማይታዩ እጅግ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት። ውኃው በነዚህ ቀዳዳዎች ጥቂት በጥቂት እየወጣ የእንስራውን ገላ ያረጥበዋል። ይህ እርጥበት በደረቁ አየር ውስጥ ሲተን፣ ለመትነን የሚያስፈልገውን ሙቀት ከእንስራውና በውስጡ ካለው ውኃ ይወስዳል። የሰው ገላ በላብ የሚቀዘቅዘውም በዚሁ መንገድ ነው። በርሜል ግን ብረት ወይም ፕላስቲክ ስለ ሆነ አያልበውም። እኒያ እናታችን ይህን ከሰሙ በኋላ ጥቂት አሰቡና፣ «ለዚህ ነዋ አሮጌው እንስራ ማቀዝቀዙን የሚተወው፤ ላቡ ተደፍኖበት ነው» አሉ። እውነታቸውን ነው። ከውኃው የሚቀረው ነጭ ዝቃጭ በጊዜ ብዛት ቀዳዳዎቹን ይደፍናቸዋል። እኛ ይህን ያላልናቸውን ከነገርናቸው አወጡት። መምህራን ይህንኑ ለተማሪዎቻቸው ለማሳየት ቢፈልጉ፣ ሁለት ጠርሙስ ውኃ ሞልተው አንዱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር ይስቀሉና፣ ጥቂት ቈይተው ልጆቹ ሁለቱንም በእጃቸው እንዲዳስሱ ያድርጉ። በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ብቻ እንጨምር። የእንስራን ውኃ ብዙውን ጊዜ የሚያበላሸው እንስራው ሳይሆን በየጊዜው ከነጣሳው የሚጠልቀው እጅ ነው፤ ስለዚህ እጀታው ረዘም ያለ መጭለፊያ ከክዳኑ አጠገብ ተሰቅሎ ቢገኝ መልካም ነው።

ሁለተኛው እንቆቅልሽ እኛኑ ያሳፈረን ነው። በግቢያችን የተከልነው አንድ ፓፓያ በየጊዜው አበባ ያወጣል፤ ፍሬ ግን አንድም አይዝም። ፍግ ጨመርንለት፤ ጠዋትና ማታ አጠጣነው፤ አፈሩን ጠረጠርን፤ ይባስ ብለንም አፈሩ የሚመረመርበትን ቦታ ማጠያየቅ ጀምረን ነበር። አንድ ቀን ጉድጓድ ሊቈፍር የመጣ ሰው ቀና ብሎ አየና ሳቀ። «ጌታዬ፣ ይኸ እኮ ወንድ ነው» አለን። ነገሩም እንዳለው ሆኖ ተገኘ። ወንዱ ፓፓያ በረጃጅም ዘንጎች ላይ የተንዠረገጉ ብዙ ትናንሽ አበቦች ያወጣል፤ ሴቷ ግን ጥቂትና ተለቅ ያሉ አበቦችን ከግንዷ አስጠግታ ትይዛለች፤ ሁለቱን ጾታ በአንድ አበባ የያዘ ሦስተኛ ዓይነትም አለ። ዘሩን በማየት ጾታውን ማወቅ ስለማይቻል፣ ብልህ አትክልተኛ በአንድ ቦታ ሦስትና አራት ችግኝ ተክሎ እስኪያብቡ ይጠብቅና የሚፈልገውን ያስቀራል። ወንዱን ሁሉ ነቅሎ መጣልም አይገባም፤ ለሴቶቹ የአበባ ዱቄት የሚሰጥ አንድ ወንድ በአቅራቢያቸው ያስፈልጋቸዋልና። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያን ፓፓያ ባየነው ቍጥር በራሳችን እንስቃለን።

ሦስተኛው ግን የሚያስቅ አይደለም።

ዝናብ ከጣለ ሳምንታት ባለፉበት፣ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ብቻ ሆኖ በሚታይበት በጋ፣ ቢምቢው ከወዴት ይመጣል? ይህንም የጠየቁን እኒያው እናታችን ሲሆኑ፣ ጊዜው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር 2021 ነበር (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታትም በዚሁ አቈጣጠር ናቸው)። እኛም ሳንመረምር ወዲያው መለስንላቸው። በበራቸው ላይ ሟች ባለቤታቸው የተከሉት፣ ደጁን ሁሉ ያጠላ ትልቅ ቡገንቪሊያ ነበር። «ቢምቢውን የሚያራባው ይህ ቍጥቋጦ ነውና ያስቈርጡት» አልናቸው። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «አንተ ካልህ ይሁን» አሉና በዚያው ሳምንት አስቈረጡት። ቢምቢው አልቀነሰም። የቀነሰው ጥላው ብቻ ነው።

እንዲህ ብለን የፈረድንበት ምክንያት ነበረን። በ1958 ከወትሮው የበዛ ዝናብን ተከትሎ በአገራችን ደጋማ ክፍሎች የተነሣው የወባ ወረርሽኝ 150,000 ያህል ሰው እንደ ፈጀ ይገመታል፤ በ1959 የወባ ማጥፊያ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ የመጣን የጤና ሠራተኞች ሁሉ ወባን ከዝናብ፣ ከረግረግና ከገጠር ጋር አያይዘን ተማርን፤ በቤት ዙሪያ ያለውን ቍጥቋጦ መመንጠርም ከዚሁ ጋር የመጣ ልማድ ነው። ስለ ዝናቡና ስለ ረግረጉ የተማርነው ሐሰት አልነበረም፤ ነባሩ የወባ ቢምቢ በእርግጥ ፀሐይ በሚያገኘው የዝናብ ኩሬ ይራባል። ስሕተታችን አገሩ ሲለወጥ ትምህርቱን እንዳለ ይዘን መቅረታችን ነው።

የተለወጠውም ይህ ነው። አኖፊለስ ስቴፌንሲ የሚባል፣ ቀድሞ በህንድና በዐረብ አገሮች የሚታወቅ የወባ ቢምቢ በ2012 በጅቡቲ፣ በ2016 ደግሞ በአገራችን በቀብሪ ደሃር ተገኘ። ይህ ቢምቢ ከተሜ ነው። ረግረግ አይፈልግም፤ ዝናብ አይጠብቅም፤ ሰው ለመጠጥና ለእጥበት ባስቀመጠው ንጹሕ ውኃ፣ በበርሜል፣ በገንዳና በታንከር ውስጥ እንቁላሉን ይጥላል። በ2022 በደረቁ ወራት በድሬዳዋ የወባ ወረርሽኝ የተነሣው በዚህ ምክንያት መሆኑ በጥናት ታውቋል።

በዚያው ዓመት በግንቦት ወር በቤታችን የምታድግ የስድስት ዓመት ልጅ ታመመች። ትኵሳትና ብርድ ብርድ የሚል ስሜት ነበራት፤ ራሷንም ያማት ነበር። እኛ ይህን ለማወቅ የተማርን ሰዎች «ፀሐይ መትቷት ነው» ብለን ሁለት ቀን አሳለፍን። በበጋ፣ በከተማ መካከል፣ በባለሙያ ቤት ወባ ይገባል ብለን አላሰብንም ነበር። በሁለተኛው ሌሊት ልጅቱ ተንቀጠቀጠችና ራሷን ሳተች። ደሟ ሲመረመር ወባ ሆኖ ተገኘ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ መድኃኒቱን ወስዳ ዳነች። ያችን ሌሊት ግን አንረሳትም።

ከሐኪም ቤት በተመለስን ማታ የእጅ ባትሪ ይዘን ወደ ግቢያችን በርሜል ሄድን። ክዳን ነበረው፤ ክዳኑ ግን በአንድ በኩል ተጣሞ ሁለት ጣት የሚያሳልፍ ክፍተት ትቶ ነበር። ብርሃኑን ስናበራበት ውኃው ጥርት ያለ መሰለን። ጥቂት ዝም ብለን ስናይ ግን እንደ ቈራረጠ ገለባ ያሉ ነገሮች ከውኃው ገጽ ሥር ተጋድመው ታዩን፤ እጃችንን ስናንቀሳቅስ ጥላው አርፎባቸው ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ ታች ሰመጡ። በባሕር ማዶ በመስታወት ሥር አይተን ፈተና የተፈተንንባቸው የቢምቢ ዕጮች ነበሩ። የሌላው ቢምቢ ዕጭ ራሱን ወደ ታች አድርጎ ሰያፍ ሲንጠለጠል፣ የወባው ግን ከውኃው ገጽ ጋር ትይዩ ሆኖ ይተኛልና መለየት አያስቸግርም። ቡገንቪሊያውን ያስቈረጥን እኛ ቢምቢውን በራሳችን ግቢ እያረባን ኖረናል።

ትልልቆቹ ቢምቢዎች ቀን ቀን በቅጠል ጥላ ሥር ያርፉ ይሆናል፤ እንቁላላቸውን የሚጥሉት ግን በውኃ ላይ ነው። በሞቃት አገር ከእንቁላል ተነሥቶ ክንፍ እስኪያወጣ አንድ ሳምንት ወይም ጥቂት ቀን የሚበልጥ ጊዜ ይበቃዋል። ስለዚህ በየሳምንቱ አንድ ቀን፣ ለምሳሌ ቅዳሜ ጠዋት፣ በርሜሉ ተገልብጦ ቢታጠብ ዕጩ ክንፍ ሳያወጣ በደረቅ መሬት ላይ ይቀራል። ሲታጠብም ውስጡን በቡሩሽ መፈተግ ያሻል፤ የደንጊ ትኵሳትን የሚያስተላልፈው ሌላው ቢምቢ እንቁላሉን ከውኃው መሥመር ከፍ አድርጎ በበርሜሉ ግድግዳ ላይ ስለሚለጥፍ፣ እንቁላሉም በደረቁ ለወራት ስለሚቈይ ነው። በርሜሉ ባዶውን ከርሞ ውኃ በተሞላ በጥቂት ቀን ውስጥ ዕጭ ሲርመሰመስበት አይታችሁ የተደነቃችሁ ካላችሁ፣ ምክንያቱ ይኸው ነው። ክዳን የሌለው በርሜል አፉን ቀዳዳው በደቀቀ ጨርቅ ሸፍኖ በገመድ ማሰር ይበቃል። በአበባው ጣሳ ሥር ለተቀመጠው ሳሕን አሸዋ ሙሉበት፤ ሜዳ ላይ የወደቀውን የመኪና ጎማም ብሱት ወይም ከጣራ ሥር አስገቡት። ትኵሳት የያዘውን ሰው ደግሞ «ወቅቱ አይደለም» ሳትሉ በዚያው ቀን ደሙን አስመርምሩ።

አንዳንድ የሙያ ባልደረቦቻችን በግቢው በርሜል ያስቀመጠ ሁሉ መቀጮ ይከፈል ይላሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። ውኃ ሳይቋረጥ ከቧንቧ ቢወርድ ኖሮ በርሜል ገዝቶ ግቢውን የሚያጣብብ ማን ነበር? ውኃው በመጣበት ሌሊት ተነሥታ በርሜሉን የምትሞላ እናት የምትፈጽመው ጥፋት አይደለም፤ ልጆቿን የምታጠጣበት ብልሃት ነው። የሚወቀስ ከተፈለገ ውኃው የማይደርስበትን ምክንያት መጠየቅ ይቀድማል፤ እስከዚያው ግን ክዳን የሚገጥም በርሜል በርካሽ ዋጋ እንዲገኝ ማድረግ ከመቀጮ የሚሻል ሥራ ነው። አትክልቱንም ተዉት። በዚህ ሐሩር አንድ ጥላ ለማብቀል ስንት ዓመት እንደሚፈጅ የማያውቅ ሰው ብቻ ነው ቍረጡ ብሎ የሚያዝዘው፤ እኛም እንዲሁ ነበርን።

መምህራን ሆይ፣ ተማሪዎቻችሁ ከየቤታቸው በርሜል አንድ አንድ ብርጭቆ ውኃ ይዘው እንዲመጡ ብታዝዙ ከብዙ ስብከት ይልቅ ይጠቅማል። ዕጩ እንዴት እንደሚተኛ፣ ጥላ ሲያርፍበት እንዴት እንደሚሰምጥ ራሳቸው ይዩት። ብርጭቆውን በጨርቅ መሸፈንና ከሦስትና ከአራት ቀን በኋላ በደረቅ አፈር ላይ መድፋትን ብቻ አትርሱ፤ አለዚያ ክፍላችሁ ያርባቸዋል። ልጆቹም ማታ ወደ ቤታቸው ሲገቡ መጀመሪያ የሚሮጡት ወደ በርሜሉ እንደሚሆን አንጠራጠርም።

እኛም ባለፈው ክረምት ከአንድ ወዳጃችን ግቢ የቡገንቪሊያ ቅርንጫፍ ቈርጠን ለእኒያ እናታችን በበራቸው ላይ ተከልንላቸው። ጉድጓዱን ስንቈፍር በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ያዩን ነበር። «ይኸስ ቢምቢ አይጠራብኝም?» አሉን። «አይጠራም፣ እናቴ» አልናቸው። «አሁንስ አረጋግጠሃል?» አሉና ዓይናችንን ትኵር ብለው አዩን። «አረጋግጫለሁ» አልን። ተነሥተው ከበርሜሉ አንድ ጣሳ ውኃ ቀድተው አጠጡት፤ ክዳኑንም መልሰው ገጠሙ፤ ዙሪያውን በእጃቸው እየዳሰሱ መግጠሙን አዩ። ቅርንጫፉ እስካሁን ሰባት ቅጠል አውጥቷል፤ ደጁን እስኪያጠላ ግን ገና ብዙ በጋ ይፈጃል።