የከረሜላ መለኪያ በዕቁብ ብር?

ቡሬ ያለች ጓደኛዬ ዕቁብ ደርሷታል። ቲክቶክ ላይ ያየችውን የከረሜላ መለኪያ ለልደትና ለምርቃት ሠርታ ልትሸጥ አስባለች። «አንቺ ኢኮኖሚክስ ተምረሻል፣ ያዋጣል?» አለችኝ።

ፍኖተ ሰላም፣ ቤቴ ሞከርኩት። ደረቅ ከረሜላ ሰባብሮ በቀስታ ማቅለጥ፣ ዘይት በተቀባ የሲሊኮን ቅርጽ ውስጥ ማፍሰስ፣ ማቀዝቀዝ፤ በቃ። (ተጠንቀቁ፣ የቀለጠ ከረሜላ ከፈላ ውሃ የበለጠ ያቃጥላል፤ ቆዳ ላይም ይጣበቃል።) ከ12ቱ 5ቱ ከቅርጹ ሳወጣቸው ተሰነጠቁ። የተረፉት ደግሞ የክረምቱን እርጥበት ስበው በማግስቱ እጅ ላይ ይጣበቁ ጀመር። ጭማቂ ሲቀዳበት ቶሎ ይሟሟል። አረቄ ይሻላል፤ ስኳር በአልኮል እንደ ውሃ ቶሎ አይሟሟም። ሻይማ አይታሰብም።

እኔን ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነው። የብርጭቆ መለኪያ ለድግስ ተከራይቶ ይመለሳል፣ ነገም ይከራያል። የከረሜላው አንዴ ተበላ፣ አለቀ። ደጋሹ በየድግሱ እንደ አዲስ ሊከፍል ነው፣ ሲሠራ የተሰበረውንም ጨምሮ። ይህን የሚከፍል ቡሬ ውስጥ አለ? ለልጆች ልደት፣ በትዕዛዝና በቀብድ ከሆነ፣ አዎ ይመስለኛል። ሙሉ ዕቁቧን ግን አታስገባበት። በአንድ ቅርጽ ጀምሪ አልኳት። ተናዳ ስልኩን ዘጋችብኝ። ትናንት ደውላ ቅርጹን የት እንደገዛሁት ጠየቀችኝ።