ሰፈርህ የት ነው?

የአዲስ አበባ ልጅ ሲተዋወቅ ከስም ቀጥሎ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። «ልደታ» ካላችሁት አይለቃችሁም፤ «ልደታ የት? ጌጃ ሰፈር? አብነት?» እያለ ይቀጥላል። ቃሉን ግን ልብ ብለነው አናውቅም። ሰፈር ማለት ጦር የሚሰፍርበት ቦታ ነው፤ የሰፈረው ደግሞ ሰፋሪ ይባላል። ከተማችን የሰፋሪዎች መሆኗን በየቀኑ በአፋችን እየመሰከርን «ቀድሞ የመጣው ማነው?» በሚል ክርክር መናከሳችን ይገርመኛል።

እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም ፍልውሃ አካባቢ ከተማዋን «አዲስ አበባ» ሲሏት ቦታው ባዶ አልነበረም። ፊንፊኔ የሚሉት የጉለሌ፣ የገላንና የአቢቹ ኦሮሞዎች ነበሩበት። ከዚያ በኋላ የሆነው የታወቀ ነው። ግቢው ኮረብታ ላይ ተሠራ፤ መኳንንቱ እንደ ጦር ሰፈር ሥርዓት ዙሪያውን ቦታ ተመሩ፤ እያንዳንዱም ወታደሩንና አሽከሩን ይዞ ሰፈረ። ራስ መኮንን፣ ራስ ተሰማ፣ ደጃች ውቤ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ… ስማቸው በሰፈርና በድልድይ ላይ ቀርቷል። ከቀደሙት ደግሞ ጉለሌ ክፍለ ከተማ ሆኗል። ስሙ ቀረ፣ ሰዎቹ ግን ወደ ዳር ተገፉ።

ይህ የኛ ብቻ ጉድ እንዳይመስላችሁ። በአሜሪካ ምዕራብ ያለችው ሲያትል የምትጠራው በአገሬው ሰዎች አለቃ ስም ነው። ነጮቹ ሰፋሪዎች የመጡት እ.ኤ.አ. በ1851 ነበር። በ1865፣ ማለትም ገና በ14 ዓመቱ፣ የአገሬው ተወላጆች በነጭ አሠሪ ግቢ ካልተጠጉ በቀር ከተማው ውስጥ እንዳይኖሩ ደንብ ወጣባቸው። በአለቃቸው ስም ከተጠራች ከተማ መባረር ማለት ይሄ ነው!

ወደኛ ልመለስ። በ1900 ዓ.ም የምኒልክ ደንብ የከተማውን መሬት የሚሸጥና የሚገዛ የግል ንብረት አደረገው። ከዚያ ወዲህ ወረቀት የያዘ ባለቤት ሆነ። ወታደሩና አሽከሩ ጎጆውን የቀለሰው በጌታው ቦታ ላይ ስለነበር፣ መሬቱ ሲሸጥ እሱ ሻጭም ገዢም አልነበረም። እንጨት የፈለጠው፣ ውሃ የቀዳው፣ ጠጅ የጣለችው፣ ግቢ የጠበቀው ግን እሱና ሚስቱ ናቸው። «የሰፈሩ መሥራች» ስንል አንድ ባለማዕረግ እንጠራለን እንጂ እነሱን ማን ያነሳቸዋል?

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ መሬት በሙሉ የመንግሥት ሆነ፤ ትርፍ ቤትም ተወረሰ። ኪራዩ እስከ 100 ብር የሆነው ቤት ለቀበሌ ተሰጠ። ያኔ የባለርስቱ ተከራይ የቀበሌ ተከራይ ሆነ፤ ኪራዩ ቢቀንስለትም ባለቤት አልሆነም።

ልደታ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ለመልሶ ማልማት ስትፈርስ ወረቀቱ እንደገና ፈራጅ ሆነ። ካርታ ያለው ካሳና ምትክ ቦታ አገኘ። የቀበሌ ቤት ተከራይ ቅድሚያ ክፍያ ከፍሎ ኮንዶሚኒየም እንዲገባ ወይም ወደ ሌላ የቀበሌ ቤት እንዲዛወር ተባለ። ቅድሚያ ክፍያው ከየት ይምጣ የሚለው የራሱ ጣጣ ነው። ስሙ በመዝገብ ያልሰፈረ ደባል ግን ሠላሳ ዓመት ቢኖርም ፍራሹን ጠቅልሎ ከመውጣት ሌላ ምርጫ አልነበረውም። (መስፈር የሚለው ቃል ለመኖርም ለመጻፍም ማገልገሉ እንዴት ያለ ነገር ነው!)

የቀደመውን ለማወቅ ታሪክ መቆፈርን አልቃወምም፤ የጉለሌውም የመኳንንቱም ታሪክ ይጻፍ። ግን ክርክሩ በሙሉ በባለርስቶች መካከል ነው፤ ርስት ያልነበረው የት ገባ? በ2016 ዓ.ም ፒያሳ ስትፈርስም ጎልቶ የተሰማው የሕንፃዎቹ ዕድሜና የባለቤቶቹ ስም ነበር። እኔ የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው። አንድ ሰፈር ከመፍረሱ በፊት መዝጋቢው ካርታ ብቻ ሳይሆን በየጓዳው ያለውን ደባል፣ በረንዳ ላይ ጉሊት የምትቸረችረውን እናት፣ ዘበኛውንም ይመዝግብ። ምን እንደሚሰጣቸው መነጋገር የሚቻለው መኖራቸው ሲታወቅ ነው።

ዛሬ የልደታ ኮንዶሚኒየም ልጅ ሰፈሩን ሲጠየቅ የብሎክ ቁጥር ይነግራችኋል። ከብሎኩ በፊት እዚያ ማን ይኖር እንደነበር ጠይቁትና የሚመልስላችሁን ስሙ።