የአህጉራዊ ጨዋታ ሜዳ ፈቃድ በማን እጅ ነው? የካፍ አሠራርና የአዳማ አካባቢ ከተሞች

ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድን በአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ግብፅን 2 ለ 0 አሸንፏል። ከሁለቱ ግቦች አንዱን ያስቆጠረው በወቅቱ የአዳማ ከተማ ክለብ አጥቂ የነበረው ዳዋ ሆቴሳ ነው። በመርሐ ግብሩ ኢትዮጵያ ባለሜዳ ብትሆንም ጨዋታው የተካሄደው በማላዊ ዋና ከተማ በሊሎንግዌ ነበር። የአዳማ ነዋሪ በከተማው ሜዳ የሚያውቀውን ተጫዋች ድል በቴሌቪዥን ብቻ ለመከታተል ተገድዷል። ከዚያ ቀደም ብሎ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ከጋና ጋር የተደረገው የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ጨዋታም በደቡብ አፍሪካ ጆሃንስበርግ መካሄዱ ይታወሳል።

ለዚህ ምክንያቱ በአገር ውስጥ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን (ካፍ) መስፈርት ያሟላ ስታዲየም በወቅቱ አለመኖሩ ነበር። ጉዳዩ ሲነሳ ጥያቄው በአብዛኛው ለመንግሥት ይቀርባል። ይሁን እንጂ ስታዲየም መገንባትና ለአህጉራዊ ጨዋታ ፈቃድ መስጠት የተለያዩ አካላት ኃላፊነቶች ናቸው። የትኛው ውሳኔ በየትኛው አካል እንደሚሰጥ ማወቅ ዜጎች ጥያቄያቸውን ለሚመለከተው አካል እንዲያቀርቡ ያግዛል።

ካፍ እንዴት ይመራል?

ካፍ በ1949 ዓ.ም. በካርቱም ሲመሠረት ኢትዮጵያ ከግብፅ፣ ከሱዳንና ከደቡብ አፍሪካ ጋር መሥራች አባል ነበረች። በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ባስተናገደችው ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫም ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 በመርታት ሻምፒዮን ሆናለች። አቶ ይድነቃቸው ተሰማም ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ ሕይወታቸው እስካለፈበት እስከ 1979 ዓ.ም. ድረስ ካፍን በፕሬዚዳንትነት መርተዋል።

ዋና መሥሪያ ቤቱን በካይሮ ያደረገው ካፍ በአሁኑ ወቅት 54 አባል ፌዴሬሽኖች አሉት። የበላይ አካሉ ጠቅላላ ጉባኤው ሲሆን፣ እያንዳንዱ አባል ፌዴሬሽን በጉባኤው እኩል አንድ ድምፅ አለው። ጉባኤው ፕሬዚዳንቱን ይመርጣል፤ ደንብና በጀትም ያጸድቃል። በጉባኤዎች መካከል ሥራውን የሚመራው ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው ሲሆን፣ የዕለት ተዕለት ተግባሩን ጽሕፈት ቤቱ ያከናውናል። የዲሲፕሊንና የይግባኝ አካላቱ ደግሞ በውድድር የሚነሱ ክሶችን ይመለከታሉ። በካፍ የመጨረሻ ውሳኔ ያልረካ ወገን በስዊዘርላንድ ሎዛን ለሚገኘው የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት አቤት ማለት ይችላል። 46ኛው መደበኛ ጠቅላላ ጉባኤ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የተካሄደው በአዲስ አበባ ነበር።

በካፍ ሥር ስድስት የቀጣና ማኅበራት ያሉ ሲሆን፣ ኢትዮጵያ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ማኅበር (ሴካፋ) አባል ናት። በ2008 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ያስተናገደችው የሴካፋ ዋንጫ ከአዲስ አበባ በተጨማሪ በባሕር ዳርና በሐዋሳ ተካሂዷል። ሐዋሳ ለሻሸመኔ ቅርብ እንደመሆኗ፣ የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ከቀጣናዊ ውድድር ሩቅ እንዳልሆኑ ይህ አንድ ማሳያ ነው።

የመንግሥት ድርሻና ገደቡ

በካፍ አባል የሆነው የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን እንጂ መንግሥት ወይም ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት አይደለም። የዓለም አቀፉ እግር ኳስ ማኅበር (ፊፋ) እና የካፍ ደንቦች አባል ፌዴሬሽኖች ከሦስተኛ ወገን ጣልቃ ገብነት ነፃ እንዲሆኑ ያስገድዳሉ። በ2000 ዓ.ም. በፌዴሬሽኑ አመራር ላይ በተነሳ ውዝግብ ፊፋ ኢትዮጵያን ማገዱና ብሔራዊ ቡድኑም ከ2010 እ.ኤ.አ. የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ መውጣቱ የሕጉን ክብደት ያሳያል። በመሆኑም አንድ የመንግሥት አካል አሠልጣኝ እንዲነሳ፣ ተጫዋች እንዲመረጥ ወይም የጨዋታ ውጤት እንዲሻር ማዘዝ አይችልም።

በአንጻሩ መሬት ማዘጋጀት፣ ስታዲየም መገንባትና ማደስ፣ መንገድና የመብራት አገልግሎት ማቅረብ እንዲሁም የተመልካችን ደኅንነት ማስጠበቅ በየደረጃው ያለ የመንግሥት አስተዳደር ተግባር ነው። ግንባታው ሲጠናቀቅ ፌዴሬሽኑ ሜዳውን ለካፍ ያቀርባል፤ የካፍ ባለሙያዎች በአካል ተገኝተው ይገመግማሉ፤ ካፍም ፈቃድ ይሰጣል ወይም ይከለክላል። ግምገማው የመጫወቻ ሜዳውን ብቻ የሚመለከት አይደለም። የመልበሻ ክፍሎች፣ የምሽት መብራት፣ የግል መቀመጫዎች፣ የመግቢያና የአደጋ ጊዜ መውጫ በሮች፣ የሕክምና ክፍል፣ የአበረታች መድኃኒት ምርመራ ክፍልና የመገናኛ ብዙኃን ሥፍራ ሁሉ ይታያሉ። አንድ ጊዜ የተሰጠ ፈቃድም ጉድለት ከተገኘ ሊነሳ ይችላል።

ለአዳማና ለአካባቢው ከተሞች ምን ማለት ነው?

አዳማ ባለፉት ዓመታት በሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲው ስታዲየም የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ጨዋታዎችን አስተናግዳለች። በርካታ ሆቴሎች ያሏት፣ ከአዲስ አበባም በፍጥነት መንገድ የተገናኘች ከተማ ናት። ሆኖም የአገር ውስጥ ሊግ ማስተናገድ ለአህጉራዊ ጨዋታ ብቁ መሆን ማለት አይደለም። ኢትዮጵያ የ2029 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ ዋንጫን ለማስተናገድ ፍላጎቷን የገለጸች እንደመሆኑ፣ ይህን ልዩነት በዕቅድ ማጥበብ ይጠይቃል። ከተሞች ስታዲየም ሲያቅዱ የካፍን መስፈርት ከንድፉ መነሻ ማካተት ይኖርባቸዋል፤ ግንባታው ካለቀ በኋላ ክፍሎችንና መውጫዎችን መጨመር ወጪውን ያበዛልና።

ክለቦችም የራሳቸው ድርሻ አላቸው። በካፍ የክለብ ፈቃድ ሥርዓት አንድ ክለብ በስፖርት፣ በመሠረተ ልማት፣ በሰው ኃይልና አስተዳደር፣ በሕግና በፋይናንስ ዘርፎች ይመዘናል። ስለዚህ ከአዳማም ሆነ ከሻሸመኔ የሚነሳ ክለብ ወደ አህጉራዊ ውድድር ለመድረስ የሜዳ ውጤት ብቻውን አይበቃውም፤ የታዳጊ ቡድን፣ ፈቃድ ያለው አሠልጣኝና የተመረመረ ሒሳብ ያስፈልጉታል።

ጥያቄ ያላቸው ዜጎች የሚከተለውን ልብ ሊሉ ይገባል። የማዘውተሪያ ሥፍራ፣ የስታዲየም ግንባታና የጥገና ጉዳይ ለከተማ አስተዳደሩና ለስፖርት መዋቅሩ ይቀርባል። የተጫዋች ምዝገባ፣ የውድድር ቅሬታና የአሠልጣኝነት ፈቃድ ጉዳይ እንደየደረጃው ለክልሉ ወይም ለኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ይቀርባል። የፕሪሚየር ሊግ መርሐ ግብርና የአስተናጋጅ ከተማ ምርጫ ደግሞ የሊግ አክሲዮን ማኅበሩን ይመለከታል። ግለሰብ በቀጥታ ለካፍ የሚያቀርበው የስታዲየም ማመልከቻ የለም፤ ጥያቄው የሚያልፈው በፌዴሬሽኑ በኩል ነው።