እድራችን ለታመመስ አይደርስም?



በአዴትም ሆነ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አንድ ሰው ወባ ይዞት ቢተኛ፣ ወይም ከበቅሎ ወድቆ እግሩ ቢሰበር፣ ጎረቤቱ ሁሉ ይጠይቀዋል። አንዷ ቡና ቆልታ፣ ሌላዋ አጥሚት ይዛ ትመጣለች። ሙስሊሙ ክርስቲያን ጎረቤቱን፣ ክርስቲያኑም ሙስሊም ጎረቤቱን «እንዴት ሰነበትክ?» ሳይል አያልፍም። ይህ ያደግንበት ወግ ነው።

ለመሆኑ ያው ጎረቤት የታመመው አእምሮውን ቢሆንስ? ያን ጊዜ ቡናውም አጥሚቱም ይቀራል። አንዱ «ጂን ነው»፣ ሌላው «ዘር ነው» ይላል። ቤተሰቡም ስሙን ፈርቶ በሩን ይዘጋል። ልጁ ጓዳ ይቀመጣል፤ የባሰበት ዕለትም የሚታሰር አለ። ታማሚን መጠየቅ ወንድም በወንድሙ ላይ ያለው ሐቅ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ታዲያ ከዚህ ሐቅ የአእምሮ ሕመምተኛን ማን አወጣው?

እኛም ከዚህ ጥፋት ነፃ አይደለንም። አንድ ዘመዳችን ሆስፒታል ሰንብቶ ሲመለስ በግ አርደን፣ ዱዓ አድርገን ተቀበልነው። ከሳምንት በኋላ ግን ሁላችንም ወደየሥራችን ተበተንን። «ድኗልኮ!» ብለን ነበርና፣ መድኃኒቱን መዋጡን የጠየቀ፣ ከእሱ ጋር ቁጭ ብሎ ያወጋ አልነበረም። እሱም «ሰውነቴን አደነዘዘው» ብሎ መድኃኒቱን ተወ። እንቅልፍ አጣ፤ ከሰው ሸሸ፤ በሦስተኛው ወር ዳግም ታመመ። ሆስፒታሉ የጀመረውን ሥራ የሚቀጥለው ቤተሰብና ሰፈር መሆኑ የገባን ያኔ ነው።

በአገራችን በአዲስ አበባ የሚገኘው አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ አሥርት ዓመታት ለአእምሮ ሕሙማን ብቸኛው ሆስፒታል ነበር። ዛሬ ሕክምናው እንደ ባሕር ዳሩ ፈለገ ሕይወት ባሉ ሆስፒታሎችም ይሰጣል። ይሁን እንጂ አዴት ከባሕር ዳር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ከአዴት ወዲያ ደግሞ በእግር የሚኬድበት ገጠር አለ። ገበሬው በእርሻ ወቅት ቀጠሮውን ያሳልፋል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ በተከሰተው ግጭት መንገድ በተዘጋባቸው ቀናትም መድኃኒት ፍለጋ መውጣት አስቸጋሪ ሆኖ ታይቷል። ስለዚህ በሁለት ቀጠሮዎች መካከል ያለውን ጊዜ የሚሸፍን ሰው ያስፈልጋል።

ይህ ሊሠራ እንደሚችል በአገራችን ታይቷል። በጉራጌ አገር በሶዶ ወረዳ፣ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ስኪዞፍሬንያ የተባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው 166 ሰዎች በአንድ ጥናት ተሳትፈው ነበር። የጥናቱ ውጤት እ.ኤ.አ. በ2022 ታትሟል። ከተሳታፊዎቹ ገሚሱ ያህል ከጤና ጣቢያው ሕክምና በተጨማሪ የቤት ለቤት ድጋፍ አገኙ። ደጋፊዎቹ ሐኪሞች አልነበሩም፤ እዚያው አካባቢ የሚኖሩ፣ የ5 ሳምንት ሥልጠና የወሰዱ ሰዎች ነበሩ። ስለ ሕመሙ ከቤተሰቡ ጋር ይነጋገራሉ፤ መድኃኒት እንዳይቋረጥ ይረዳሉ፤ ታማሚው ወደ ሥራውና ወደ ማኅበራዊ ኑሮው እንዲመለስ ያግዛሉ። የሃይማኖት አባቶችንና የእድር ሰዎችንም ያስተባብራሉ። ቤተሰቦችም እርስ በርስ እየተገናኙ ይመካከሩ ነበር።

ውጤቱስ? በ6ኛው ወር ሲታይ ልዩነት አልተገኘም። በ12ኛው ወር ግን ድጋፉን ያገኙት ዕለታዊ ኑሯቸውን በመምራት ረገድ ከሌሎቹ ተሽለው ተገኙ። ለእኛ ትልቁ ትምህርት ሶብር ነው። ሁለት ጊዜ ጠይቆ «አልተለወጠም» ብሎ የሚቀር ሰው ፍሬውን አያይም።

በኡጋንዳ ደግሞ ከቡታቢካ ሆስፒታል ጋር የሚሠሩ፣ ራሳቸው ታመው ያገገሙ ሰዎች፣ ከሆስፒታል የወጡትን በየቤታቸው እየሄዱ ያበረታታሉ። የሐኪም ምክር ሐኪም ይሰጠዋል፤ «እኔም እንዳንተ ሆኜ ነበር፤ ዛሬ ግን እሠራለሁ» የሚለውን ቃል ግን ያለፈበት ሰው ቢናገረው ይበልጥ ይታመናል። በአዲስ አበባም የአእምሮ ጤና አገልግሎት ተጠቃሚዎች ራሳቸው ያቋቋሙት ማኅበር አለ። ነገሩ ለእኛ ታሪክም እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1354 በሐለብ በተሠራው የአርጉን ቢማሪስታን የአእምሮ ሕሙማን የሚታከሙበት ስፍራ ተለይቶላቸው ነበር፤ ወጪውም ከወቅፍ ይሸፈን ነበር።

እንግዲህ በአዴትና በመሰል ከተሞች ምን እናድርግ? እድራችንም ጀመዓችንም አለ። ለሞተ ድንኳን የሚተክለው እድር፣ በሕይወት ላለው የባሕር ዳር መጓጓዣ ቢያወጣ ምን ይከብደዋል? ካገገሙትና ከአስታማሚ ቤተሰቦች መካከል ፈቃደኛ የሆኑ አራት ወይም አምስት ሰዎች ይሰብሰቡ፤ አንድ የጤና ባለሙያ ያማክራቸው። ለሴቶች ሴቶች ይኑሩ። ጥንድ ጥንድ ሆነው በየሳምንቱ ይጠይቁ፤ የደከመው ይረፍ፤ ጠያቂውም ሰው ነውና።

ሥራቸውም ወሰን ይኑረው። የሰሙት ምስጢር አማና ነው፤ በገበያ ቀን የሚወራ አይደለም። መድኃኒት አይጨምሩም፣ አይቀንሱም። ሩቅያ የሚያስቀራውን አይከለክሉም፤ ነገር ግን ለሩቅያ ብሎ መድኃኒቱን እንዳይተው ይመክሩታል። እንቅልፍ ማጣት፣ ከሰው መሸሽ፣ ምግብ መተው ሲጀምር ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ያደርሱታል። ራሱን ስለማጥፋት ከተናገረ ግን ብቻውን አይተዉት፤ «ለማስፈራራት ነው» ሳይሉ በዚያው ሰዓት ወደ ሕክምና ይውሰዱት። ከሁሉም በላይ ሥራ ይፈልጉለት። በአውድማው ጤፍ ሲወቃ ይጠራ፤ በሱቅ ሚዛን ይያዝ። «ተቀመጥ፣ አትድከም» ማለት ብቻ ሰውን ከሰውነት ተራ ያወጣል።

ውድ ወጣቶች! ይህ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። በዚህ ሳምንት በሰፈራችሁ በሩ የተዘጋ አንድ ቤት አለ። ቡና ይዛችሁ አንኳኩ። የመጀመሪያ ቀን ባይከፈትላችሁ፣ በሌላ ቀን ተመለሱ። እኛም የዘመዳችንን በር ማንኳኳት ጀምረናል፤ ዘግይተናል፣ ግን ጀምረናል።

አላህ ለታመሙት ሺፋውን፣ ለአስታማሚዎች ሶብሩን ይስጥልን። በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ ቸር እንሰንብት!