የጅብ ጥላና የልጅ ልጄ ጥያቄ

ባለፈው ቅዳሜ ዝናቡ እንዳባራ የልጅ ልጄ ከግቢያችን ጥግ ሁለት የጅብ ጥላ ነቅሎ መጣ። «እማማ፣ ይሄ የሚበላው ነው?» አለኝ። መጀመሪያ እጁን በሳሙና አስታጠብኩት፤ ከዚያ «አላውቅም» አልኩት። ቅር አለው። ነርስ ሁሉን የምታውቅ ይመስለዋል።

በእንጉዳይ ነገር ግን ሊቃውንቱም «አላውቅም» ይላሉ። ለንደን ውስጥ በሚገኘው የኪው የዕፅዋት ማዕከል ይሠሩ የነበሩ ሁለት ተመራማሪዎች ከሱቅ አንድ እሽግ የደረቀ የቻይና እንጉዳይ ገዙ። 15 ቁራጭ መርጠው ዲ.ኤን.ኤውን ሲያነቡት ሦስት ዝርያ ሆኖ ተገኘ፤ ሦስቱም ሳይንስ ስም ያላወጣላቸው! ውጤቱን በ2014 (እ.ኤ.አ.) አሳተሙ። ሕዝቡ ግን ቀድሞም ሲበላው ኖሯል። ለአንደኛው ያወጡለት ስም በቻይንኛ «የሚበላ» ማለት ነው።

ምደባ የሚጀምረው ከመልክ ነው፤ የባርኔጣው ቀለም፣ ከሥሩ ስስ ዝርዝር ወይስ ቀዳዳ መኖሩ፣ በግንዱ ላይ ቀለበት መኖሩ፣ የብናኙ ቀለም ይታያል። ተከትፎ ሲደርቅ አብዛኛው ይጠፋል። እርጥብም ቢሆን ዕድሜና ዝናብ መልኩን ይለዋውጡታል፤ ባዕዱ ዘመድ፣ ዘመዱ ባዕድ ይመስላል። እኛም ይህን በአሜባ አይተነዋል። በማይክሮስኮፕ አንድ የሚመስሉት ሁለት ዓይነት መሆናቸው በ1993 (እ.ኤ.አ.) በይፋ ተለየ፤ በሽታ የሚያመጣው አንዱ ነው፣ ሌላው ምንም አያደርግም። ስንቱ ሰው ያለ በሽታው መድኃኒት ውጧል!

በእንጉዳይ መሳሳት ግን ከዚህ ይብሳል። አማኒታ ፋሎይድስ የሚባለው ገዳይ እንጉዳይ ቢቀቀልም ቢደርቅም መርዙ አይለቅም። ማስመለሱና ተቅማጡ ብዙውን ጊዜ ከ6 ሰዓት በኋላ ይጀምራል። ከዚያ ጋብ ይላል፤ ቤተሰቡም «ተመስገን፣ ዳነ» ይላል። ጉበቱ የሚጎዳው ግን ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ ልጅ የማይታወቅ እንጉዳይ ከበላ ሕመሙ እስኪጀምር አትጠብቁ፤ በግድ አታስመልሱት፤ የተረፈውን በወረቀት ጠቅልላችሁ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። «ድሮ እኛ በልተነዋል» የምትሉ እኩዮቼ ሆይ፣ የበላችሁት ያንኑ ለመሆኑ በምን ታውቃላችሁ?

ልጁን ለማስደሰት የአንዱን ባርኔጣ ነጭ ወረቀት ላይ ደፍተን በብርጭቆ ከደንነው። ጠዋት ወረቀቱ ላይ ቡናማ ክብ ታትሞ አገኘን። ቀኑን ጻፈበትና ግድግዳው ላይ ለጠፈው። እንጉዳዩን ቀበርነው፤ እጁንም ደግሜ አስታጠብኩት።